አያ ደግፌ ቤት ሲያይ

ይህን ያወሩልን የሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ያወሩት ደግሞ ያዩ ነበሩ። በመካከል የጨመረ ሰው ካለ እሱ ሞቷል።

ወይራ አምባ ላይ አያ ደግፌ የሚባል ቤት ሠሪ ነበር። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ መቶ አሥራ ሦስት ቤት አቆመ። ከነዚያ ሁለቱ ተቃጠሉ፣ አንዱ ፈረሰ፤ የፈረሰውም ባለቤቱ ዘጠኝ ቋሚ በሚያስፈልገው ቦታ ስድስት ይበቃል ብሎ ስለተሟገተው ነው። ጉልበቱ ሲከዳውና መሰላል መውጣት ሲያቅተው መሥራቱን ትቶ ማየት ያዘ። ቤት መግዛት የፈለገ ሰው ዋስና ምስክር ከመጥራቱ በፊት እሱን ይዞ ይሄዳል። አያ ደግፌም ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላው ምሰሶውን ይመታል፣ ግድግዳውን ያሸታል፣ አንጋጦ ወጋግራውን ይቆጥራል።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ሳቀበት። ቤት እንደ በግ ላቱ እየተዳበሰ ይገዛል ወይ ተባለ። እሱ ግን መልሱ አንድ ነበር፦

«የአገሬ ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ይቆጥራል፣ በቅሎ ሲገዛ ኮቴዋን ያነሳል፤ ቤት ሲገዛ ግን የሻጩን ጠጅ ቀምሶ ጥሩ ነው ይላል።»

ወይዘሮ ትብለጥ አያ ደግፌን የጠራችው በግንቦት መጨረሻ ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ የባሏ ወንድሞች ከመሬቱም ከቤቱም ነቀሏት። ሽማግሌ ገብቶ ያስወሰነላት ድርሻ ሁሉ በመቀነቷ የተቋጠረው ገንዘብ ብቻ ነው። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ በቅጠል ዳስ ተጠግታ ነበር። ዳሱ ለበጋ ይበቃል፤ በሰኔ ሚካኤል ዝናቡ ሲጠና ግን አይበቃም። ከዚያ በፊት ቤት መግዛት አለባት፣ የምትገዛውም አንድ ጊዜ ነው። የገዛችው ቤት ቢወድቅባት ሌላ የምትገዛበት የላትም። ይህን ሁሉ ስትነግረው አያ ደግፌ ሰማና ስንት ነፍስ እንደሆኑ ብቻ ጠየቃት። ሦስት ነን አለችው።

መጀመሪያ የሄዱት ባሻ ጓንጉል ዘንድ ነው። ባሻ ጓንጉል እንግዳ ሲመጣ ጨው የሚቆልፍ ሰው ነበር። የሚሸጠው ቤት ግን ከውስጥም ከውጭም አዲስ ተመርጎ፣ በነጭ አፈር ተለቅልቆ ያበራል። ትብለጥ ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳብስ ልቧ እዚያው ቀረ። ባሻ ምርጊቱን ያስመረገው ለገዢው ደስታ ብሎ እንደሆነ፣ ለዚያም ምንም እንደማይጠይቅ ማለላት። ሚስቱ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ ጠጉሯ ቅቤ ካየ ዘመን የለውም፣ እንደ በጋ ገለባ ደርቋል። አያ ደግፌ ግድግዳውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ።

«ባሻ፣ ለሚስትህ ጠጉር ቅቤ ነፍገህ ለግድግዳ ምርጊት የቸርከው ምን ቢሆንብህ ነው?»

ሚስትየዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። አያ ደግፌ በዱላው ምርጊቱን ወጋ ሲያደርገው ዱላው እስከ እጁ ጭብጥ ሰጠመ፤ ስቦ ሲያወጣው ምስጡ ተሰልፎ ተከተለው።

በሳምንቱ ደግሞ መምሬ ላቀው ቤት ሄዱ። መምሬ ላቀው የተከበሩ ቄስ ነበሩ፤ ግቢያቸው ሰፊ፣ ዋርካቸው ጥላው የሚያሰንፍ። አያ ደግፌ ሰባቱን ቋሚዎች አንድ በአንድ ቢያንኳኳ አራቱ ተሰንጥቀዋል፣ አምስተኛው መሬት አይነካም። ይህንኑ በአክብሮት ነገራቸው። መምሬም ተቆጡ፤ እንጨት መቁጠር የእምነት ማነስ መሆኑን፣ ይህ ቤት አርባ ዓመት የቆመው በእንጨት ሳይሆን በሳቸው ጸሎት መሆኑን አስረዱት። አያ ደግፌ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ።

«እንግዲያው አባቴ፣ ሲወጡ ጸሎቱን ይዘውብን አይውጡ፤ በላያችን ይወድቃል።»

ሦስተኛው ቤት የሸማኔው የዳምጤ ነው። ሸማኔው አርጅቶ ልጁ ዘንድ ቆላ ሊወርድ ነው። ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ጠባብ፣ ውስጡ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ። ትብለጥ በሩ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። አያ ደግፌ ግን ገብቶ ቶሎ አልወጣም። ሲወጣ ፊቱ እንደ ልደት ቀን በርቷል። ጥላሸት ዝናብ ሲነካው እንደ እንባ መስመር እያወጣ ይወርዳል፤ የዚህ ቤት ጥላሸት ግን የሃያ ሦስት ዓመት ነው፣ አንድም መስመር የለበትም አላት። ቋሚው አሥራ አራት፣ ሁሉም ጥድ፣ ሁሉም ጤነኛ። ትብለጥ ቤቱ ክፉ እንዳልሆነ ገባት፤ ግን የባሏ ወንድሞች በደጇ ሲያልፉ የሚሉት ታወሳት። ሰው ምን ይላል አለችው።

«ሰውማ ይበል፤ እሱ ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ይናገራል፣ አንቺ እሳት ዳር ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ።»

ያም ሆኖ አልቆረጠችም። ሸማኔው እስከ ሰኔ ሚካኤል እጠብቅሻለሁ አላት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ገዢ አለ።

እሷ ስታመነታ ቀኛዝማች ማንያዘዋል ላኩባት። ቀኛዝማቹ ወደ ሌላ አገር ተሹመው ሊሄዱ ነው፤ አዳራሻቸውን ለሟች ባሏ አገልግሎት ሲሉ በመቀነቷ ባለው ልክ ሊሰጧት ፈቅደዋል። አዳራሽ! የባሏ ወንድሞች አጥሩን እንኳ ቆመው የሚያዩት አዳራሽ። ትብለጥ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። አያ ደግፌም ሲሰማ አልተኛም፤ እሱን እንቅልፍ የነሳው ግን ዋጋው ነው።

በወይራ አምባ ልማድ ገዢ በሻጩ ጣራ ሥር ሦስት ምስክር ባለበት የሻጩን ጠጅ ከቀመሰ እሺ ብሏል ማለት ነው። ትብለጥ ይህን ታውቃለች። አያ ደግፌም መንገድ ላይ ደጋግሞ አስጠንቅቋታል። ሆኖም ገና ከመግባታቸው፣ እሱ በበሩ ላይ ሆኖ መቃኑን ሲዳብስ፣ ቀኛዝማቹ ራሳቸው ብርሌውን በእጃቸው ዘረጉላት። ጌታ በእጁ ሲያቀብል አልፈልግም ማለት እንዴት ያለ ነውር ነው? ከንፈሯን አስነካች። ያን ጊዜ ከማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ሦስት ምስክሮች እርስ በርስ ሲተያዩ አየቻቸውና ብርሌውን ቶሎ መልሳ አኖረች።

አያ ደግፌ መጥቶ ተቀመጠ፤ የሱን ብርሌ ሳይነካ መሬት ላይ አኖረው። ቀኛዝማቹ ለታዳሚዎቻቸው ጥቅሻ ሰጡና፣ ይህ የሰውን ቤት የሚያጥላላ ሰው የራሱን ጎጆ አይታችኋል ወይ፣ ውሻም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባባት አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እውነት ነው ጌታዬ፤ ጎጆዬ ጎንበስ አድርጋ አስገብታኛለች እንጂ አስሩጣ አስወጥታኝ አታውቅም።»

ሳቁ ቆመ። ቀኛዝማቹም እንግዲህ ንገረን፣ የአዳራሼ ነውር ምንድን ነው ብለው አፈጠጡበት። አያ ደግፌ የመካከሉ ምሰሶ በስብሷል አለ። ይሄኔ ቀኛዝማቹ ደስ አላቸው፤ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ምሰሶውን በዱላው ሳይነካ እንደፈረደ ለምስክሮቹ አሳዩ። ቤቱን በየት በኩል አየኸው ብለው ጠየቁት።

«ቤቱን መች አየሁ ጌታዬ፤ ያየሁት አሽከሮችዎን ነው። ከገባሁ አሥራ ሰባት ጊዜ ምግብ አቀረቡ፣ አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ምሰሶውን በሩቁ ዞሩት።»

ትብለጥ ዞር ብላ ብታይ፣ ወጥ የያዘው አሳላፊ እውነትም ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ ያልፋል። ተነሥታ ወጣች። በማግሥቱ ቀኛዝማቹ ከሰሷት፦ ጠጄን በምስክር ቀምሳለች፣ በመቀነቷ ያለውን ትፍታ።

ፍርዱ የዋለው በሰኔ አሥራ አንድ፣ የሚካኤል ዋዜማ ነው። የሚፈርዱት ዳኛ ዘውገ፣ በየእሑዱ ከቀኛዝማቹ ማዕድ የማይጠፉ፣ አንዱን ነገር ሦስት ቀን የሚያሹ ሰው ነበሩ። ችሎት ከሚውልበት ዋንዛ ሥር ሲቀመጡ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። ምስክሮቹ ሦስቱም ጠጁን ስትቀምስ አየን ብለው ማሉ። ዳኛው ትብለጥን ጠየቋት። እሷም መዋሸት አልሆነላትም፤ ቀምሻለሁ አለች። ከኋላዋ የባሏ ወንድሞች ሲጎሻሸሙ ተሰማት። ሁለቱ ልጆቿ ቀሚሷን በሁለት በኩል ይዘዋል። ሸማኔው ዳምጤም ዕቃውን አህያ ላይ እየጫነ ነው ብለው ነግረዋታል።

ያን ጊዜ አያ ደግፌ እንደራሴዋ ነኝ ብሎ ተነሣ። ጠጁ የተቀመሰው ለቤት ነው፤ ቤቱ ቤት ካልሆነ ጠጁ የእንግዳ ጠጅ ነው ብሎ ተከራከረ። ቀኛዝማቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት ወጡ። በዚያ ዘመን ሙግት ያለ ውርርድ አይደምቅም፤ ተሟጋች ማር ወይም በቅሎ ያሲዛል፣ የተረታው ለዳኛው ይከፍላል። ቀኛዝማቹ ቤቴ ጤነኛ ነው፣ በበቅሎ እረታሃለሁ አሉ። የዳኛ ዘውገ ዓይን አጠገቡ ወደ ታሰረችው የቀኛዝማቹ በቅሎ ሄዶ ተመለሰ። አንተስ ምን ታሲዛለህ ብለው አያ ደግፌን ጠየቁት።

«እኔ ማርም በቅሎም የለኝ፤ የማሲዘው ይህን ሽማግሌ ገላ ነው። ፍርዱ በአዳራሹ ውስጥ ይሁን። ጌታዬ ዳኛው እንደ ክብራቸው ከምሰሶው ሥር ይቀመጡ፣ እኔም ከጎናቸው እቆማለሁ።»

ዳኛው አልፈልግም ቢሉ ቤቱን መፍራታቸው ነው፤ ቀኛዝማቹ አይሆንም ቢሉ ቤቱን ማማታቸው ነው። ወንበሩ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ ተወሰደ፣ ከመካከሉ ምሰሶ ሥር ተቀመጠ፣ ዳኛ ዘውገም ላዩ ላይ ተቀመጡ። አያ ደግፌ ምሰሶውን በዱላው እየነካካ ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ከዚያ ከዳኛው በስተቀኝ አንድ እርምጃ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ትብለጥ ልጆቿን ይዛ ከግድግዳው ጥግ ቀረች።

ዝናቡ የጣለው ቀኛዝማቹ ክሳቸውን ሲጀምሩ ነው። ሣሩ ውሃ ሲጠጣ ጣራው ከበደ፣ ከላይ አንድ ነገር ቀጭን ድምፅ አሰማ። ዳኛው ከሳሹ ድምፁ ይርቅብኛል፣ ቀረብ ይበል አሉ። ለካስ ቀኛዝማቹ ሲናገሩ የቆሙት ደፍ ላይ ነው፤ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንዱ ዝናብ ላይ። ጌታዬ፣ ከዚህም ይሰማል ብለው መለሱ። አያ ደግፌ ወደ ዳኛው ጎንበስ አለ።

«ልብ ይበሉልኝ፤ ቤቱን የሚያመሰግነው ሰው መቃኑን ይዞ ነው የሚያመሰግነው።»

ምሰሶውም ደግሞ ድምፅ ሰጠ። ከወጋግራው የተነሣ ዱቄት የሚመስል ነገር በዳኛ ዘውገ ነጭ ካባ ትከሻ ላይ ወረደ። ዳኛው ትከሻቸውን አዩ፣ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ሦስት ቀን የሚያሹት ዳኛ ፍርዱን በአንድ ትንፋሽ ሰጡ፦ ጠጁ የእንግዳ ነው፣ ውል የለም፣ ሴትዮዋ በነጻ ትሂድ። ፍርዱን ሲጀምሩ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ትሂድ የሚለውን ቃል የተናገሩት ግን ውጭ ሆነው ነው። ያም ሆኖ በቅሎዋን አልረሱም፤ ልጓሟን በገዛ እጃቸው ያዙ።

ትብለጥ ትንሿን ልጅ አዝላ፣ ትልቋን በእጇ ስባ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ሸማኔው ቤት ሮጠች። አህያዋ ተጭና፣ ሸማኔው ገመዱን ሲያጠብቅ ደረሰች። መቀነቷን ፈትታ ያላትን ሁሉ ቆጠረችለት። ያን ቀን ሦስቱም በደረቅ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ጣራውን አንጋጠው የእንባ መስመር ፈለጉ፣ አላገኙም።

ዳኛ ዘውገ ከዋንዛው ሥር ተጠልለው፣ ካባቸውን እያራገፉ፣ አያ ደግፌ እያነከሰ ሲያልፍ ጠሩት። ነገሩ አልገባቸውም። ምሰሶው መበስበሱን ከማንም በፊት ያወቅህ አንተ ነህ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ስትቆም ትንሽ እንኳ አልፈራህም ወይ ብለው ጠየቁት።

«እኔማ ጌታዬ፣ ወደየት እንደሚወድቅ አይቼ ነው የቆምኩት።»