ባለወንበሯ መምህር

አንድ ባለጸጋ ነበሩ፤ አቶ ላቀው ይባላሉ። ብሎኬት እያመረቱ ሀብት ያፈሩ፣ ራሳቸው ግን ትምህርታቸውን ገና በልጅነታቸው ያቋረጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ ለከተማቸው ዩኒቨርሲቲ ስጦታ ሰጡ። ሕንፃ ላሠራ አላሉም። በምህንድስና ክፍሉ አንድ የፕሮፌሰርነት ወንበር እንዲቋቋምና በዚያ የሚቀመጠው መምህር ደመወዙም የምርምር ወጪውም ከእርሳቸው ስጦታ እንዲሸፈን አደረጉ።

ወንበሩ የተሰጠው ስመኝ ለምትባል የግንባታ ዕቃዎች መምህር ነበር። ስመኝ እስከዚያ ድረስ ኑሮዋን ለመደጎም ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ ማታ በየግል ኮሌጁ እየተሯሯጠች ታስተምር ነበር። ብሎኬት ጨምቆ እየሰበረ ጥንካሬውን የሚለካው የቤተ ሙከራው ማሽን ከተበላሸ ስለቆየ ተማሪዎቿ የብሎኬትን ጥንካሬ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ላይ ብቻ ነበር። ወንበሩ ሲመጣ የማታውን ሥራ ተወች። አዲስ ማሽን ተገዛ። ጥላው የነበረውን ምርምርም እንደገና ጀመረች። አቶ ላቀው አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ "ዛሬ ደግሞ ምን እየሰበራችሁ ነው?" ይሏታል፤ የገባቸውንም ያልገባቸውንም በጥሞና ሰምተው፣ መርቀዋት ይሄዳሉ።

ከጊዜ በኋላ ስመኝ በከተማው የሚሸጠው ብሎኬት ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ልትፈትን ተነሣች። ከየማምረቻው አስገዛች። ከሁሉም ደካማ ሆኖ የተገኘው የአቶ ላቀው ነበር። ሲደርቅ ደህና ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በእጅ ይፈረፈራል። ደግማ ፈተነች። ያው ነው።

ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም። አቶ ላቀውም ነገሩን አያውቁም። እርሷ ግን የሽማግሌው ፊት ድቅን አለባት። "እንጀራ የሰጡኝን ሰው እንዴት በአደባባይ አዋርዳለሁ?" አለች በልቧ።

አብሯት የሚሠራ መምህር፣ "ቢያንስ ለብቻቸው ንገሪያቸው" አላት።

"እነግራቸዋለሁ፤ ትንሽ ልቆይ" አለችው።

ጥናቱ ሲታተም የአቶ ላቀው ብሎኬት ውጤት አልነበረበትም።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ሆነ። ወንዝ ዳር ያለ የወፍጮ ቤት ግድግዳ ተደርምሶ፣ እህሉን ይዞ ወረፋ ይጠብቅ የነበረ አንድ አባወራ ገደለ። ግድግዳው የተሠራው በአቶ ላቀው ብሎኬት ነበር። ስመኝ ቀብር ሄደች። ለቀስተኛው ሁሉ ዝናቡን ይራገማል። እርሷ ከኋላ ቆማ፣ የሟቹን ሚስት ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ከቀብር በቀጥታ አቶ ላቀው ቤት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አሏት።

"ክረምቱ ሳይገባ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ውለታዎ ከበደኝ፣ ጋሼ። ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ።"

"አሸዋ አቅራቢ ቀይሬ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "አሸዋው አፈር እንደበዛበት አላወቅኩም። ልጄ፣ እኔ አልተማርኩም። ያንን ወንበር የሰጠሁት እኮ የማላውቀውን የሚነግረኝ ሰው እንዲቀመጥበት ብዬ ነው።"

በማግስቱ ማምረቻውን ዘጉ። ስመኝ የደበቀችውን ውጤት መደበቋን ጭምር ጽፋ አወጣች፤ ወንበሩንም ልልቀቅ አለች። አቶ ላቀው "ትቆይ" ብለው ላኩ እንጂ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ሙከራው ብቅ አላሉም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ዛሬ በዚያ ከተማ ሳይፈተን የሚሸጥ ብሎኬት የለም። የአባወራው ልጆች ግን ያለ አባት አደጉ።

ወዳጆቼ፣ ለመምህር ወንበር የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ከኑሮ ጭንቀት ያረፈ ጊዜና ያለ ፍርሃት የሚናገር አንደበት ነው። ስመኝ ጊዜውን ተቀበለች፤ አንደበቷን ግን ማንም ሳይጠይቃት ለውለታ ገበረች። በዚህም የምትወዳቸውን ሽማግሌ ከሐፍረት ያዳነቻቸው መስሏት ከዚያ ለሚብስ ጸጸት ዳረገቻቸው። ደግ ላደረገልን ሰው ልንመልስለት የምንችለው ትልቁ ውለታ፣ ቢመረውም እውነቱን በጊዜው መንገር ነው።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ቅር እንዳይለው ብለን እስከ ዛሬ እውነቱን ያልነገርነው ባለውለታ ይኖረን ይሆን?