ራበኝ ያለችው የተራራ አበባ

ተጠጉ ልጆቼ፣ እናንተም ትልልቆቹ ብትሰሙ አይከፋም። ድሮ፣ የአያቴ አያት እንኳ ሳይወለዱ፣ ስሙ በተረሳ አገር ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነበረ። እጁ ለሥራ የፈጠነ፣ ጓሮው ያበቀለ፣ ልቡ ግን የሰማውን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነበር።

ሚስቱ ይታይሽ የተራራ ልጅ ናት። ደመና በራፍ ላይ ከሚያድርበት መንደር ነው ያመጣት። ትዳሯን ትወዳለች፤ አንድ ነገር ብቻ ይቆጫታል። «ቤትህስ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ብቻ ደጁ ላይ የተራራ ችቦ የለም» ትለዋለች። የተራራ ችቦ የምትላት በአገሯ ድንጋይ ለድንጋይ የምትበቅል፣ ጫፏ እንደተለኮሰ ችቦ የሚቀላ አበባ ናት።

የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ቢያድግልኝ በበቅሎ አስቀምጦ እናቷ ቤት አደረሳት። ሲመለስ መንገድ ዳር አንዲት የተራራ ችቦ አየ። «ልጇን ታቅፋ ስትመጣ ደጇ ላይ ታገኛታለች» አለና ከነአፈሯ ቆፍሮ በጆንያ ተሸከማት። ጆንያው እንዴት ከበደው መሰላችሁ። አፈሩ ውስጥ አንድ ፍልፈል ተጠቅልሎ ተኝቶ እንደነበር በምን ይወቅ?

ቤቱ ደርሶ ደጁ ላይ ተከላት፤ ፍግም ደለደለላት። በማግስቱ ውሃ ሲያጠጣት ከሥሯ ቀጭን ድምፅ መጣ፦

«የተራራ ልጅ ነኝ፣ ደመና ያሳደገኝ፤
አንተ ደግ ገበሬ፣ ድንች አብላኝ፣ ራበኝ።»

ቢያድግልኝ ግራና ቀኙን አየ። ከአበባዋ በቀር ማንም የለም። «አበባ ትናገራለች እንዴ?» አለ።

«የቆላ አበባ አትናገርም፤ የተራራ አበባ ግን ትናገራለች» አለ ድምፁ።

ቢያድግልኝ አመነ። ድንቹን በቁና አምጥቶ ከሥሯ ቀበረላት። መሬት ውስጥ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ነገር ሰማና «እንዴት ያለች በላተኛ ናት» ብሎ ደስ አለው።

ሰንበትበት ሲል ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሊያያት ጎንበስ ሲል፦

«የተራራ ልጅ ነኝ፣ ደመና ያሳደገኝ፤
አንተ ደግ ገበሬ፣ ካሮት አብላኝ፣ ራበኝ።»

«ለካ ስላልጠገብሽ ነው የጠወለግሽው» አለና የካሮቱን መደብ በሙሉ ነቅሎ ቀበረላት። ቆርጠም ቆርጠም ተባለ። አበባዋም ይባስ ብላ አንገቷን ደፋች። ፍልፈሉ እኮ ካሮቱ ሲያልቅ ሥሯን ያጣጥም ነበር።

ይታይሽ የምትመለስበት ሳምንት ደረሰ። ድምፁ አሁንም መጣ፦

«የተራራ ልጅ ነኝ፣ ደመና ያሳደገኝ፤
አንተ ደግ ገበሬ፣ የዘር ድንችህን አብላኝ፣ ራበኝ።»

ቢያድግልኝ ደነገጠ። «እሱማ የከርሞ እንጀራችን ነው። አራስ ይዤ ምን እሆናለሁ?»

«እንግዲያው እሞታለሁ። ሚስትህ ስትመጣ ደረቅ እንጨት ታሳያታለህ።»

ምስኪን፣ ሲቆምና ሲቀመጥ ዋለ። በመጨረሻ የሚስቱ ፊት ታየውና የዘር ድንቹን ከጎተራ አውርዶ ሁሉንም ቀበረ። የዚያን ቀን እህል ከአፉ አልገባም።

ይታይሽ ወንድ ልጅ ታቅፋ መጣች። አበባዋን ስታይ ፊቷ በራ፤ ጠጋ ስትል ግን ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሷል።

«ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያደረግሃት?»

«ኧረ ምን ያላበላኋት አለ።»

«ምን አበላሃት?»

«ድንች።»

«አበባ ድንች ትበላለች?»

«ካሮትም ትወዳለች» አለ ቢያድግልኝ፤ የዘሩን ነገር ግን መናገር አቃተው። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ትሰማለች።»

ይታይሽ ባሏን አየች፣ ከአበባዋ ሥር የተከመረውን ትኩስ አፈርም አየች። ልጁን አስታቀፈችውና ጎንበስ አለች። «የአገሬ ልጅ፣ እንደምን ከረምሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ በእኛ ተራራ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ምን ትመስላለች?»

ከመሬት ሥር ድምፁ መጣ፦ «ፀሐይ... ተቀቅላ ነው ጥሬዋን የምትበላው?»

ይታይሽ ሳቋን በነጠላዋ አፍና «ዶማውን አምጣ» አለች።

ይታይሽ ራሷ ዶማውን ተቀብላ ትቆፍር ጀመር። ፍልፈሉ ወደ ጉድጓዱ ሊሸሽ ሞከረ፤ ጭንቅላቱ ገባ፣ ሆዱ ግን አልገባም። ቢያድግልኝ ልጁን በአንድ እጁ እንደታቀፈ በሌላው የኋላ እግሩን ይዞ ጎተተው። እንደ ቅል የተነፋ ፍልፈል ዱብ አለ።

«አንተ ውሸታም፣ ጉድ ሠራኸኝ» አለ ቢያድግልኝ።

«ምኑን ዋሸሁ?» አለ ፍልፈሉ። «የተራራ ልጅ ነኝ አልሁ፣ ነኝ። ራበኝ አልሁ፣ ርቦኛል። አበባ ነኝ ያልሁበት ቀን የለም።»

ቢያድግልኝ ዶማውን ሊያነሳ ሲል ይታይሽ እጁን ያዘችው። ፍልፈሉንም «የቀረውን አውጣ» አለችው። «ዘመዶችህን አውቃቸዋለሁ፤ የማትበሉትን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ታከማቻላችሁ።»

ፍልፈሉ እያለከለከ ማውጣት ጀመረ። የዘር ድንቹ ሁለት ሦስቱ ተቆርጥሞ ሌላው ደኅና ተገኘ። ቢያድግልኝ ያን ጊዜ ነው ለሚስቱ ሁሉንም የተናዘዘው። እሷም ቆጣ አለች፣ ብዙ ግን አልቆየባትም። ፍልፈሉን በጆንያ ከተው ከገበያ ለሚመለስ የተራራ ሰው ሰጡት፤ እሱም እዚያው አገሩ ለቀቀው። የድሮ ቀዳዳው እስኪያስገባው ድረስ ደጅ አደረ ይባላል።

ይታይሽ ፍጉን ጠርጋ፣ ጠጠርና አሸዋ ቆልላ፣ የቀረችውን ቁራጭ ሥር ጥላ ባለበት በኩል ተከለቻት። «የእኛ አገር አበባ ጥጋብ አትወድም» አለችው። ቢያድግልኝም ጠጠር እየለቀመ ያቀብላት ነበር።

ክረምቱ ሲያበቃ አንድ ቀይ ጫፍ ከድንጋዩ መካከል ብቅ አለ። ይታይሽ ልጇን ይዛ ከደጇ ተቀመጠች፤ ያ ቤት ቤቷ ሆነ። ጎረቤትም አበባዋን ሊያይ መጣ። ምን አብልተህ አሳደግሃት ብለው ሲጠይቁት ቢያድግልኝ አንገቱን እያከከ እንዲህ ይላቸው ነበር፤ እኛም ከእሱ ተቀብለን እስከ ዛሬ እንላለን፦

አበባ ራበኝ ካለ፣ ከሥሩ ሆድ አለ።