እመት ኤሊና የዝንጀሮ ሰዓት

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ትልልቆቹም ስልካችሁን አስቀምጡ። ድሮ ነው፤ ግን ያን ያህል ድሮ አይደለም። አገሩን አትጠይቁኝ፣ ወንዝ እንዳለው ብቻ ነው የማውቀው።

እመት ኤሊ ከሟች ባሏ የቀረላት የወርቅ ሰዓት ነበራት። ጠዋት ጠዋት ትሞላዋለች፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማዋለች። አንድ ልጇ ዘርፌ ከወንዙ ማዶ ተድራለች። ጉማሬ በዓመት አንድ ቀን፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ዘርፌንና ሌላውን መንገደኛ በጀርባው ጭኖ በእመት ኤሊ በኩል ያልፋል፤ እናትና ልጅ የሚተያዩት ያኔ ብቻ ነው።

ቀኑ ነገ ሊሆን ዛሬ አያ ዝንጀሮ መጣ። በወርቁ ሰዓት ላይ ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል። ከቱሪስት ድንኳን የመነተፈውን ጥቁር ሰዓት አወጣ።

«እመት ኤሊ፣ በዚህ ዘመን ማን ሰዓት ይሞላል? ይኼ ስማርት ነው! እርምጃሽን ይቆጥራል።»

«የእኔን እርምጃማ እኔም እቆጥረዋለሁ።»

«የልብሽን ምት ይቆጥራል!»

«ናፍቆቴንስ ያውቃል?»

«ስማርት ነው አልኩሽ! ልጅሽ የምትደርስበትን ደቂቃ ሳይቀር ያውቃል።»

ልጅሽ ሲላት የወርቁን ሰዓት ሰጥታ ጥቁሩን ተቀበለች።

በማግስቱ ፀሐይ ብቅ ስትል ብታየው ስድስት ሰዓት ይላል። «አያ ዝንጀሮ፣ አሁን ገና ነጋ፤ እንዴት ስድስት ይሆናል?» ብትለው፣ «የዘገየችው ፀሐይዋ ትሆናለች፤ እሱማ ስማርት ነው!» አላት። ምስኪን፣ እየተጣደፈች ወንዝ ወረደች። ዘጠኝ አለ፤ ጉማሬ የለም። አሥር አለ፣ አሥራ አንድ አለ፤ የለም። አሥራ ሁለት ሲል ፀሐይ አናቷ ላይ ነበረች፤ እሷ ግን ሰዓቱን አምና፣ መሽቷል ብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

ሰዓቱ አልዋሸም እኮ፤ የፈረንጅ ሰዓት ነው የነገራት። ጉማሬ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መጣ። ዘርፌም «እማ! እማ!» ብላ ተጣርታ ተጣርታ አለፈች።

ዝንጀሮም አልቀናውም። «ማን ሰዓት ይሞላል» ያለው ራሱ አይደል? ሳይሞላው ወርቁ ቆመ፤ የቆመውን እያየ «ገና ነው፣ ገና ነው» ሲል ቆይቶ የተጠራበት ሠርግ ቤት ሲደርስ፣ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። እየተሳደበ መጥቶ እመት ኤሊ ፊት ወረወረው።

«ውሰጂው! ይኼ የሞተ ዕቃ ነው!»

«አልሞተም፤ የሚሞላው አጥቶ ነው» አለችና አነሳችው።

ሰዓቱስ ተመለሰላት። ልጇን ለማየት ግን ሌላ ዓመት ቀራት፤ ለኤሊም ቢሆን ለናፈቀ ሰው ዓመት ረጅም ነው። ዓመቱ እስኪዞር በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ወንዝ ዳር እየወረደች «ዘርፌ!» ትል ነበር።

ልጆቼ፣ በሰው ሰዓት የቀጠረ፣ የናፈቀውን ሳያይ ቀረ።