ደም ድንጋይ

አንድ ገዥ በከተማው አደባባይ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተጠረበ ግዙፍ ጡጫ ሊያቆም ፈለገ። ሐውልቱ ሲቆም ገመዱ ተበጠሰና ውብሸት የተባለ ወጣት ሠራተኛ ከሥሩ ቀረ። አስከሬኑን ለማውጣት ድንጋዩን መልሶ ማንሳት ያስፈልጋል ቢባል፣ ገዥው "ምረቃው ይዘገያል" ብሎ ከለከለ።

ከተማው ተንጫጫ። የውብሸት እናት እማማ ዘርትሁን "ልጄን አውጡልኝና ልቅበረው!" እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ያላለቀሰ አልነበረም። ሕዝቡም ሐውልቱን "ደም ድንጋይ" ብሎ ሰየመው። "ይሄ ሰውዬ ይውረድ እንጂ፣ በእጃችን ነው የምናፈርሰው" ብሎም ማለላቸው።

እንግዲህ የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ የቤት ቁጥር ማን ይጠይቃል? "ደም ድንጋይ ጋ ጠብቀኝ"፣ "ከደም ድንጋይ ዝቅ ብሎ" መባባል ተጀመረ። ታክሲው እዚያ መቆም ለመደ። ደም ድንጋይ ዳቦ ቤት ተከፈተ፣ ደም ድንጋይ ፋርማሲም ተከተለ። ኋላማ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበት ጀመር። ጉድ እኮ ነው!

ዓመታት አለፉና ገዥው ሞተ። አዲሱ ገዥ ሕዝቡን ሰብስቦ "ሐውልቱ ይፍረስ ወይስ ይቆይ?" ሲል ጠየቀ። እማማ ዘርትሁን የጠበቁት ቀን ደርሶላቸው ከፊት ተቀመጡ።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ተነሣ። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እሱ ከሌለ ደንበኛ በምን ያገኘኛል?"

አንድ የታክሲ ሹፌርም "እውነቱን ነው፤ ሰው የት ብሎ ይወርዳል?" አለ።

"ልጄ እኮ ከሥሩ ነው! ምላችሁልኝ አልነበር?" አሉ እማማ።

አንዲት ወጣት ዘወር ብላ "የምን ልጅ? ደም ድንጋይ የተባለው ለቅላቱ አይደለም እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

የሚያውቁት ሁሉ አቀረቀሩ። እጅ አውጡ ሲባል ግን "ይቆይ" ብለው ቀድመው ያወጡት እነሱ ነበሩ።

እማማ ዘርትሁን ብዙም አልቆዩ፤ ልጃቸውን ሳይቀብሩ ሞቱ። ለቅሶው የት ነው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ፣ ጎረቤት "ደም ድንጋይ ፊት ለፊት፣ ድንኳኑ ይታይሃል" ይለው ነበር።

ወገኖቼ፣ ያንን ድንጋይ ያቆመው ገዥው ነበር፤ ገዥው ከሞተ በኋላ ያቆየው ግን የእኛ መልመድ ነው። ግፉን አድራሻ ካደረግነው ማን ያነሣልናል? እኔ እንጃ። እናንተስ፣ በየቀኑ የምትቀጣጠሩበት ቦታ ከሥሩ ማን እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?