የእማማ ዘርትሁን ራስ እንዲታጠብ

የቸኮለ ይለፍ፣ ያልቸኮለ ጠጋ ይበል። ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ራስ የሚያዞር አልነበረም። አንዲት አሮጊት ራሳቸውን መታጠብ አማራቸው፣ በቃ።

አሮጊቷ እማማ ዘርትሁን ይባላሉ። የሚኖሩት ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እጠቢኝ ያሏት ልጅ ደግሞ ኢክራም ናት፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። የበጎ አድራጎት ክበብ አባል ስለሆነች ቅዳሜ ቅዳሜ የክበቡን ሰደርያ ለብሳ ወደ መጦሪያው ትመጣለች። ጥፍር ትቆርጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ወሬ ትሰማለች። ከተማው ደጋ ነው፤ እሷ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ እንኳ ትንቀጠቀጣለች። ብርዱንም ሰዉንም ገና አልለመደችም። ድሬ ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ይባላል፤ እዚህ ግን «እርስዎ» የሚለው በሚያስፈልጋት ሰዓት እየጠፋባት ስንቱን ሰው አስኮርፋለች። ያላኮረፉት እማማ ዘርትሁን ብቻ ናቸው።

«አንቺ በይኝ፣» ብለዋታል። «አንቺ የምትለኝ የሺመቤት ብቻ ነበረች። እሷም ጥላኝ ሄደች።»

የሺመቤት የአልጋ ጎረቤታቸው ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እማማ ዘርትሁን ራሳቸውን አልታጠቡም፣ ከግቢው አልወጡም፣ ከምግቡም የሚቀምሱት ለስም ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ ትልቁ በር ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ኢክራም ፀሐይ የሚሞቁ ይመስላት ነበር። እናም በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ልጄ፣ ዛሬ ራሴን እጠቢኝ። በሙቅ ውሃ እጠቢኝ፣» ሲሏት ልቧ ዘለለ። ሳፋውን አንስታ ወደ ቧንቧው ሮጠች። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ።

«ውሃማ ከጠፋ ሰነበተ፣» አለቻት የወጥ ቤቷ ሴትዮ። «በአህያ የሚመጣው ለመጠጥና ለወጥ ነው። ለራስ ብለሽ አንድ ጣሳ አትነኪብኝም።»

ኢክራም ተመልሳ እማማ ዘርትሁንን፣ «የታሸገ ውሃ ልግዛልሽ?» አለቻቸው።

«ይሄን ሁሉ ፀጉር በታሸገ ውሃ?» ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩአት። እውነታቸውን ነው፤ ፀጉራቸው የበግ ለምድ ያክላል። «የሺመቤት ሁለት ባልዲ ነበር የምታፈስብኝ።»

የውሃው መስመር የሚያልፈው በጎረቤቱ በጋሽ ጓንጉል ጓሮ ነው፤ የዘጉትም እሳቸው ናቸው ተባለች። ስለዚህ ራስ እንዳይታጠብ ውሃ የለም፤ ውሃ እንዳይመጣ ጋሽ ጓንጉል ዘግተዋል። እስካሁን ቀላል ነው። ኢክራምም ቀላል መስሏት ሄደች።

«ጋሼ፣ ውሃውን ክፈትልን፣» አለች በሩን እንደከፈቱላት።

«ማንን ነው ክፈትልን?»

«ይቅርታ! እርስዎ... ይክፈቱልን። ለእማማ ዘርትሁን ራስ ነው።»

ጋሽ ጓንጉል ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ወደ ጓሮ ወሰዷት። የድንች መደባቸው መሃል ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። «ይሄን ከፈትኩት ማለት ድንቼ ዋኘ ማለት ነው፣» አሏት። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ታዲዮስን አምጪና ይጠግነው፣ ያን ጊዜ በገዛ እጄ እከፍትልሻለሁ።»

ራስ እንዳይታጠብ ውሃ የለም፤ ውሃ እንዳይመጣ ጋሽ ጓንጉል ዘግተዋል፤ ጋሽ ጓንጉል እንዳይከፍቱ ቧንቧው ተሰንጥቋል።

ታዲዮስ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኢክራም ስትደርስ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ከቆሎው ዘግኖ ሰጣትና፣ «የጋሽ ጓንጉል ቧንቧ? ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ የሚያልቅ ሥራ ነው፣» አለ።

«በል እንሂዳ!»

«በምን እጄ? ትልቁን መፍቻ ደሳለው ወስዶታል። ባጃጅ ነጂው።»

«ደውልለታ!»

«ደወልኩ። ከግቢዬ መውጣት አልቻልኩም ይለኛል። ታመሃል ወይ ስለው አልታመምኩም ይላል። ታስረሃል ወይ ስለው እንደዚያ በለው ይላል። እኔ አልገባኝም፣ እህቴ።»

ኢክራምም አልገባትም። ቆሎዋን እየቆረጠመች በልቧ ደገመችው፦ ራስ እንዳይታጠብ ውሃ የለም፤ ውሃ እንዳይመጣ ጋሽ ጓንጉል ዘግተዋል፤ ጋሽ ጓንጉል እንዳይከፍቱ ቧንቧው ተሰንጥቋል፤ ቧንቧው እንዳይጠገን መፍቻው የለም።

የደሳለው ቤት ከመጦሪያው ትልቅ በር ማዶ ነው። ሌላ ጊዜ በሌላ በኩል ባለችው ትንሽ በር ስለምትገባ አይታው አታውቅም። አሁን አየችው። የግቢው በር ላይ ከወገብ በላይ የሚደርስ አሸዋ ተቆልሏል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። ኢክራም ብትጣራ ከአጥሩ በላይ መጀመሪያ መሰላል፣ ቀጥሎ የደሳለው ራስ ብቅ አለ።

«መፍቻውን ወርውርልኝ፣» አለችው። «የታዲዮስን። ለቧንቧ ነው።»

«አልወረውርም።»

«ለምን?»

«መፍቻው እኔ ዘንድ ስላለ ነው የፈለጋችሁኝ። ከሰጠኋችሁ በኋላ ማን ያስታውሰኛል? ባጃጄ ቆማለች፣ እኔ ዳቦ የምቀበለው በዚህ መሰላል ላይ ቆሜ ነው፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት፣ ምጥ ቢመጣባት በዚህ አጥር ላስዘልላት ነው? አሸዋውን አንሱልኝ፤ መፍቻውን ራሴ በባጃጅ አደርሳለሁ።»

«ልክ ነህ፣» አለች ኢክራም። ከልቧ ነው። «የማን አሸዋ ነው ግን?»

ደሳለው ሰደርያዋን ከላይ እስከ ታች አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ትቀልጃለሽ? የእናንተ ነዋ! የበጎ አድራጎቶቹ!»

ኢክራም ደረቷ ላይ የተጻፈውን የክበቡን ስም አቀርቅራ አነበበች። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው አቀናች፤ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ራስ እንዳይታጠብ ውሃ የለም፤ ውሃ እንዳይመጣ ጋሽ ጓንጉል ዘግተዋል፤ ጋሽ ጓንጉል እንዳይከፍቱ ቧንቧው ተሰንጥቋል፤ ቧንቧው እንዳይጠገን መፍቻው የለም፤ መፍቻው እንዳይመለስ ደሳለው ተዘግቶበታል፤ ደሳለው እንዳይወጣ አሸዋው ተቆልሏል። አሸዋው ደግሞ የእኛ ነው! በጎ ልናደርግ ያመጣነው! የበር ጥበቃው መታወቂያ ሲጠይቃት፣ «አሸዋው፣» ብላ መለሰችለት።

የክበቡ ሰብሳቢ መርክነህ ይባላል፤ የወላይታ ሶዶ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አሸዋው ለመጦሪያው ነው፣» አላት። «ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኖ አዛውንቶቹ እየወደቁ ስለሆነ በሲሚንቶ ልንሠራው። አንቺ በፈተና ምክንያት ከስብሰባው ቀርተሽ ነው ያልሰማሽው።»

«ታዲያ የሰው በር ላይ ምን ወሰደው?»

«ትልቁ በር አልከፈት አለና! ሹፌሩ አልጠብቅም ብሎ እዚያው ገልብጦት ሄደ። በትንሿ በር ጋሪ አያልፍም። ስንት ጊዜ ተመላለስኩ መሰለሽ። በሩ ሥር የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ፣ አልነሳም ይላሉ፤ አስተዳዳሪዋም አታስገድዷቸው፣ ሐዘንተኛ ናቸው አለችኝ። ምን ላድርግ?»

«የትኛዋ እናት?» አለች ኢክራም፤ መልሱን ግን ፈርታዋለች።

«እማማ ዘርትሁን።»

ኢክራም ሣሩ ላይ ዘጭ አለች። መርክነህ ውሃ አቀበላት። እሷ ውሃውን እያየች ነገሩን ከፊት ወደ ኋላ ነገረችው፤ ከኋላ ወደ ፊት ነገረችው። እሱም ሊደግምላት ሞከረና መፍቻውን ለጋሽ ጓንጉል ሰጥቶ፣ አሸዋውን ታዲዮስ ላይ ከምሮ ጨረሰ። «ቆይ፣ ጥፋተኛው ማነው?» አለ በመጨረሻ። በግቢው ውስጥ በፈተና ጊዜ እንኳ እንዲህ ግራ የተጋባ ፊት አልታየም።

ኢክራም ተነስታ ወደ መጦሪያው ተመለሰች። እማማ ዘርትሁን እዚያው በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ፎጣ ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቋታል።

«ውሃው ሞቀ?»

«እማማ፣ ከዚህ በር ለምን አትነሺም?»

እማማ ዘርትሁን ፎጣውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ከዚያ በቀስታ፣ «የሺመቤት በዚህ በር ነው የወጣችው፣» አሉ። «ትልቁ በር መጨረሻ የተከፈተው ለሷ ሬሳ ነው። ሲዘጋ እኔ እዚህ ቆሜ ነበር። ሐዘኔን ሳላወጣ ይሄ በር ለሌላ ነገር አይከፈትም ብዬ ተናገርኩ። ሐዘኔ የሚወጣው ደግሞ ራሴን ስታጠብ ነው። እሷ ነበረች የምታጥበኝ፤ እኔ ነበርኩ የማጥባት። እንግዲህ እጠቢኝና እነሳለሁ፣ ልጄ። ምን አስቸገረሽ?»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከኢክራም አፍ ወጣ።

«እማማ! ራስሽ እንዳይታጠብ ውሃ የለም፤ ውሃ እንዳይመጣ ጋሽ ጓንጉል ዘግቷል፤ ጋሽ ጓንጉል እንዳይከፍት ቧንቧው ተሰንጥቋል፤ ቧንቧው እንዳይጠገን መፍቻው የለም፤ መፍቻው እንዳይመለስ ደሳለው ተዘግቶበታል፤ ደሳለው እንዳይወጣ አሸዋው ተቆልሏል፤ አሸዋው እንዳይነሳ በሩ አልተከፈተም፤ በሩ እንዳይከፈት አንቺ ተቀምጠሻል፤ አንቺ እንዳትነሺ ራስሽ አልታጠበም!»

«እስቲ ድገሚው፣» አሉ እማማ ዘርትሁን።

ደገመችው። እሳቸው ሲሰሙ ጣታቸውን እያጠፉ ቆይተው ሌባ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ራሴ እንዳይታጠብ የከለከልኩት እኔው ነኝ?»

«አላውቅም! ጋሽ ጓንጉልም ነው፣ ደሳለውም ነው፣ አሸዋውን ያመጣነው እኛም ነን። ሁሉም ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ ነው የተበላሸው። እኔ ጠፋብኝ፣ እማማ።»

እማማ ዘርትሁን ሳቁ። መጀመሪያ በትከሻቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው፣ በኋላ በርጩማው እስኪነቃነቅ ሳቁ። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ጭልፋዋን እንደያዘች ልታይ ወጣች፤ በዚያ ግቢ ይሄ ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። የኢክራምን እጅ ያዙ።

«ከከፈትኩት ሄደች ማለት ነው።»

ኢክራም አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ምን እንደምልሽ አላውቅም፣» አለች። «ግን አጥብሻለሁ። ውሃው ዛሬ ባይመጣ ነገ፣ ነገ ባይመጣ በሌላ ቀን፣ መጥቼ አጥብሻለሁ።»

«ትምያለሽ?»

«ወላሂ።»

እማማ ዘርትሁን በኢክራም ትከሻ ተደግፈው ተነሱ። መቀርቀሪያውን ሌላ ሰው አላስነኩም። ዝጎ ስለነበር ሁለት እጃቸውን አድርገው ሳቡት፤ በሩ እያቃሰተ ተከፈተ። ወደ መንገዱ ትንሽ አዩ። «ደህና ሁኚ፣ የሺዬ፣» አሉ። ከዚያ በርጩማቸውን አንስተው ወደ ጥግ ወሰዱት።

ኢክራም ስትደውልላቸው መርክነህና ተማሪዎቹ አካፋና ጋሪ ይዘው እየሮጡ መጡ። እማማ ዘርትሁን ተነሱ፣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ተከፈተ፣ አሸዋው ገባ፤ አሸዋው ገባ፣ ደሳለው ባጃጁን አስነስቶ ጥሩንባውን እየነፋ ወጣ፤ ደሳለው ወጣ፣ መፍቻው ታዲዮስ እጅ ደረሰ፤ መፍቻው ደረሰ፣ ቧንቧው ተጠገነ፤ ቧንቧው ተጠገነ፣ ጋሽ ጓንጉል እጅጌአቸውን ሰብስበው በገዛ እጃቸው ከፈቱ፤ ጋሽ ጓንጉል ከፈቱ፣ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ቀይ ሆኖ መጣ፣ ቀጥሎ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ። በትልቁ ድስት ተጣደ።

ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ እማማ ዘርትሁን ሳፋው ላይ አጎንብሰው ነበር። ኢክራም የሹራቦቿን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ጣቶቿን በዚያ ሁሉ ፀጉር ውስጥ አስገብታ ቀስ አድርጋ አሸች። አሮጊቷ ሁለተኛው ባልዲ ሲያልቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ «ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣» አሉ፤ ቀጥለውም ወጡ ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ኢክራም ወደ ዶርሟ ስትመለስ ድሬ ለእናቷ ደወለች። የዋለችበትን ልትነግራት ጀመረች። ከራስ መታጠቡ ጀመረች፣ አልሆነም፤ ከአሸዋው ጀመረች፣ ባሰ። እናቷ፣ «ቆይ፣ ደሳለው የጓንጉል ልጅ ነው?» አለቻት። «አይደለም፣ እማ፣ ደሳለው መፍቻው እሱ ዘንድ ያለው ነው።» «መፍቻው የታዲዮስ ነው አላልሽም?» ኢክራም ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

«እኔ ምኑም አልገባኝም፣ ኢክራምዬ፣» አለች እናቷ። «ግን ውሃው ሞቆ ነበር?»

«ሞቆ ነበር፣ እማ።»

«በቃ። ሌላውን ስትመጪ ታስረጂኛለሽ።»