ቦታ ሞልቶ ቦታ የጠፋበት ዲስክ

አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ ግን የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ይርዳው ይባላል። በወንዝ ዳር ባለች ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ነበረው፤ እጁ የተመሰከረለት ነው። አንድ ልማድ ግን ነበረበት። በጠገነው ኮምፒውተር ሁሉ ዲስክ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ይከፍልና በስሙ ይሰይማታል፤ ውስጧም ስልክ ቁጥሩንና ፎቶውን ያስቀምጣል። «ይርዳው እዚህ ነበረ» ለማለት ያህል ነው። ማንን ይጎዳል ብሎ!

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣች። ሥራዋ የወንዙን ከፍታ መለካት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ የለካችው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ውሃው መቼ ሰብሮ እንደሚወጣ ለቆላ ገበሬዎች የምትነግራቸው እሱን እያየች ነው። ኮምፒውተሩ ግን አልነሳ ብሏል።

«አይዞዎት እትዬ፣ የሞተው ማስነሻ ሲስተሙ ነው፤ አዲስ እጭንበታለሁ» አላት።

«ልኬቱ ብቻ እንዳይነካብኝ፣ አደራህን! እሱ ከጠፋ ዘንድሮ ለሰዉ ምን እላለሁ?»

መጫን ጀመረ። ዲስኩ ግማሹ ባዶ ነው፤ ቦታ እንደ ልብ። ኮምፒውተሩ ግን «አዲስ ክፍል መፍጠር አይቻልም» እያለ መለሰው። ገመድ ቀየረ፣ ፍላሽ ቀየረ፣ ያው ነው። ዲስኩን ከነሠሪው ረገመው። ይሄኔ የጎረቤት ጠጋኝ ብቅ አለና «ምን ያደክምሃል? ያለውን ሁሉ አጥፋና ሙሉውን ፎርማት አድርገህ ተገላገል» አለው። እውነትም እጁ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ሴትዮዋ ከበርጩማው ሳትነሳ እጁን እጁን ታያለች። አልቻለም።

እስቲ ልቁጠር አለ። እንዲህ ያለ አሮጌ ዲስክ የቱንም ያህል ቢሰፋ ከአራት ክፍል በላይ አይመዘግብም፤ አራቱ ከተያዙ የተረፈው ቦታ ለማንም አይሆንም። አንደኛው የሞተው ሲስተም ነው፤ የቅርብ ዓመታቱ ልኬት ግን እዚያው አብሮት አለ። ሁለተኛው የድሮው ልኬት። ሦስተኛው የወንዙ ካርታ። አራተኛው «ይርዳው» ይላል፤ ለካ ይህን ኮምፒውተር ከዓመታት በፊት እሱው ጠግኖት ኖሯል።

ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ሲረግመው የዋለው ዲስክ ምንም አላጠፋም። ትንሽ አቅማማ፤ ከዚያ የገዛ ስሙን መርጦ ሰረዘው።

ያ ሁሉ ባዶ ቦታ ወዲያው ተከፈተ። ሲስተሙ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልኬት አንድም ቀን ሳይጎድል ቁልጭ ብሎ ታየ። ሴትዮዋ እልልታዋን ስታቀልጠው መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ይርዳውም ተነስቶ አብሯት ጨፈረ። በዚያ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ቆላው አስቀድሞ ሰምቶ ነበርና ሰዉም ከብቱም ከፍታው ላይ ሆነው ጠበቁት። ኮምፒውተሩን ማን ጠገነው ብሎ የጠየቀ የለም። ይርዳው ግን የዚያን ቀን ያህል ኮርቶ አያውቅም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ «ንባብ ቤቱን ካቋቋምኩ ሃያ ዓመቴ፤ በሩ ክፍት፣ ግማሹ ወንበር ባዶ፤ ወጣቶቹ ለምን ገብተው አይሠሩም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰብሳቢው አንተ፣ መጽሐፍ መራጩ አንተ፣ ቁልፍ ያዡ አንተ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶም ያንተ። ወንበር መቁጠርህን ተው። ሁሉን አፍርሼ እንደ አዲስ ልጀምርም አትበል፤ መጽሐፎቹ ምን በደሉ? አንተም እንደ ይርዳው ስምህ ያለበትን ክፍል ፈልግ። ነገ ጠዋት ቁልፉን ለአንዳቸው ስጥና ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ቤቱ ሲሞላ ታያለህ።