ከአጥሩ ማዶ ያለው ግራር

ተረት ልጀምር ነው፤ እናንተም «እንስማ» በሉኝ።

አንዲት ትጉህ ግመል ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ እየዞረች የዘይት መጭመቂያ ታንቀሳቅስ ነበር። አዲስ ኑግ ሊጨመር ጨርቁ ሲነሳላት ከአጥሩ ማዶ ያለው ለምለም ግራር ይታያትና ልቧ ይሄዳል።

ግራሩ ሥር የምትቦርቅ ፍየል፣ «እትዬ ግመል፣ በሩ እኮ ክፍት ነው! ኑጉ እስኪጨመር ሁለት ቅጠል ቀምሰው ይመለሱ» አለቻት።

«ለሁለት ቅጠል ብዬማ አልመላለስም። ኑጉ ይለቅልኝና ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነኝ» አለች ግመሏ፣ በናፍቆት ተንፍሳ።

ኑጉ ያለቀ ዕለት ለቀቋት። ግራሩ ዘንድ ስትደርስ አንገቷን እንደደፋች ዙሪያውን ትዞር ጀመር። ፀሐይ አዘቀዘቀች።

«እትዬ፣ ደርሰዋል እኮ! ቀና ብለው ይብሉ እንጂ» አለች ፍየሏ፣ ግራ ገብቷት።

«እሺ የኔ ልጅ፤ ይህችን ዙር ብቻ ልጨርስ።»